አቤት ሲሉ ማን ይስማቸው?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ ከበርሚንግሃምና ከሊድስ ድረስ በሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዓመቱን ሪፖርትና የሒሳቡን ነገር ገንዘብ ያዣችን ከምሳ በፊት ታቀርባለች። እኔ የመክፈቻውን ሰዓት ለአንድ ጉዳይ ልጠቀምበት ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጆቻቸው የብሪታንያን ጦር ዩኒፎርም የለበሱ ወላጆች አሉ። እኔም አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ ነገር ግን በስብሰባም ሆነ በለቅሶ ቤት አውርተን አናውቅም።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ልጄ ለፈቃድ ቤት መጣ። ሁልጊዜ ሲገባ ቦት ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ «እማዬ፣ ሽሮ አለ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ያን ቀን አላወለቀም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ሲፈታና መልሶ ሲያስር ቆየ። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። ቀስ እያለ ነገረኝ። የቅርብ አለቃው በስሙ ይቀልዳል። ስሙን አጣሞ ይጠራውና በሰልፍ ፊት «በል አንተ ድገምልን» ይለዋል። ሌሎቹ ይስቃሉ። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ይረሳል። ይህ ግን ሰባት ወር ሙሉ በየቀኑ ነው።

«ለምን አታመለክትም?» አልኩት።

«አቤቱታው የሚገባው ለሻምበሉ ነው። ሻምበሉና እሱ ደግሞ አብረው የዘመቱ ጓደኛሞች ናቸው» አለኝ።

እኔ ምን አልኩት መሰላችሁ? «ቻለው ልጄ፣ ያልፋል» አልኩት። አባቴም እኔን ያለኝ ይህንኑ ነበር። በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። አቤቱታ ለመጻፍ ስንቀመጥ አምስት ወር አልፏል። ገደቡ ሦስት ወር ነው። ማንም አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ልጄ ይወደው የነበረውን ሥራ ትቶ ወጣ። ያቺ «ቻለው» የምትለው ቃል እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

አሁን ወደ ፓርላማው ልምጣ። ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2025፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ስናማርጥ፣ እዚህ አገር የጦር ኃይሎች ኮሚሽነር የሚያቋቁመው አዋጅ የንጉሡን ይሁንታ አግኝቶ ሕግ ሆነ። ብዙዎቻችን ዜናውን አልሰማነውም። ልጆቻችንን በቀጥታ የሚነካ ሕግ ስለሆነ ግን መስማት ነበረብን።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ ረጅም ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው። ሰሪ ውስጥ ዲፕከት የሚባል የጦር ማሠልጠኛ ነበር። እዚያ ከ1995 እስከ 2002 ድረስ አራት ወጣት ወታደሮች በጥይት ተመትተው ሞተው ተገኙ። ወላጆቻቸው ለዓመታት በየበሩ አንኳኩ። በ2006 ኒኮላስ ብሌክ የተባሉ የሕግ ባለሙያ ጉዳዩን መርምረው ባወጡት ሪፖርት፣ የወታደር አቤቱታ ከዕዙ ውጭ የሆነ ነጻ ሰው ያስፈልገዋል አሉ። መንግሥት ሰማ፣ ግን በግማሽ ጆሮ ነው። የአቤቱታ ኮሚሽነር የሚባል ሹመት ተፈጠረ። ሥልጣኑ ደብዳቤ ተቀብሎ ወደ ጦሩ ከማስተላለፍና ክትትል ከማድረግ ብዙም አያልፍም ነበር። በ2016 ደግሞ ወደ እንባ ጠባቂነት ከፍ አለ።

እንባ ጠባቂ የሚለው ቃላችን እንዴት ያለ ቃል ነው! እንግሊዞቹ ስሙን ከስዊድን ተውሰው ነው የሚጠሩት። እኛ ግን የሰውን እንባ መሬት ሳይወድቅ የሚጠብቅ ብለን ሰይመነዋል። የዚህ አገሩ እንባ ጠባቂ ቢሮ የአቤቱታው ሥርዓት ቀልጣፋም ውጤታማም ፍትሐዊም አይደለም ብሎ ለዓመታት ደጋግሞ ጻፈ። ሰው ካላመለከተ ግን በራሱ ተነሳሽነት ምርመራ መክፈት አይችልም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። እዚህ ግን በሽተኛው በሽታውን የደበቀው ሐኪሙ የአለቃው ጓደኛ ስለሆነበት ነው።

በ2021 ደግሞ በጦሩ ውስጥ ራሳቸው ያገለገሉ ሣራ አዘርተን የተባሉ የምክር ቤት አባል የመሩት የፓርላማ ንዑስ ኮሚቴ ስለ ሴት ወታደሮች ሪፖርት አወጣ። በሥራ ላይ ያሉ ሴቶች ያለ ፍርሃት እንዲናገሩ ልዩ ፈቃድ ተሰጥቷቸው ነበር። ከ4,000 በላይ ሴቶች ተናገሩ። ከተናገሩት ውስጥ በሥራ ላይ ካሉት 58 በመቶው፣ ከተሰናበቱት 64 በመቶው ማሸማቀቅ፣ ትንኮሳ ወይም አድልዎ ደርሶብናል አሉ። ከደረሰባቸው ከ10 ስድስቱ አላመለከቱም። ይህን ቁጥር ሳነብ ልጄ ያን ቀን ደረጃው ላይ የተቀመጠው ታየኝ።

በዚያው ዓመት የሆነ አንድ ነገር አለ። ወላጆች ስለሆናችሁ ልንገራችሁ። አንዲት የ19 ዓመት ወታደር አንድ ከፍተኛ የበታች ሹም ጥቃት እንዳደረሰባት አመለከተች። ጉዳዩ ወደ ፖሊስ አልሄደም። ሰውየው የይቅርታ ደብዳቤ እንዲጽፍላት ተደረገ። አንድ ወረቀት ሰጧት፣ ፋይሉ ተዘጋ። ከወራት በኋላ ደግሞ ሌላ የቅርብ አለቃዋ በመልእክት መዓት መውጫ መግቢያ አሳጣት። በዲሴምበር 2021 ላርክሂል ካምፕ ውስጥ ሞታ ተገኘች። በ2025 መጀመሪያ የሞቷን ምክንያት ያጣራው ዳኛ፣ ጦሩ ተገቢውን ባለማድረጉ ለሞቷ አስተዋጽኦ አድርጓል ሲል ወሰነ። ደብዳቤውን የጻፈው ሰውም በዚያው ዓመት ጥፋቱን በወታደራዊ ፍርድ ቤት አመነ። የይቅርታ ደብዳቤውን የተቀበለችው ልጅ ግን የለችም። እናቷ ናቸው ቆመው ያዩት።

እንግዲህ ፓርላማው ሲከራከር ይህ ሁሉ ከጀርባ አለ። ሕጉ የጀርመኖቹን አርአያ ተከትሏል። ጀርመኖች ከሂትለር በኋላ ጦር እንደገና ሲያቋቁሙ፣ በ1956 ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ የወታደሮች ጉዳይ ኮሚሽነር የሚባል ሹም አስገቡ። የሚመርጠው ፓርላማው ነው። ማንኛውም ወታደር አለቃውን ሳያስፈቅድ በቀጥታ ይጽፍለታል። እዚህ አገር የመጣው ኮሚሽነርም ከዕዙ ውጭ ነው። ሰው አቤት እስኪል ሳይጠብቅ በሰፈር፣ በምግብ፣ በመኖሪያ ቤትና በአያያዝ ጉዳይ ምርመራ ይከፍታል። አገር ውስጥ ያሉ የጦር ካምፖችን ሳያስታውቅ ገብቶ ማየት ይችላል። ለኛ ዋናው ደግሞ የወታደሩ ቤተሰብም ችግሩን ማቅረብ መቻሉ ነው።

በዋናው ሐሳብ ላይ ሁለቱም ትላልቅ ፓርቲዎች ተስማምተዋል። ክርክሩ የጠነከረው ጥቆማ ላይ ነው። ላይኛው ምክር ቤት ውስጥ ሎርዶቹ፣ የውስጥ ገመና ያጋለጠ ሰው ጥበቃው በሕጉ በግልጽ ይጻፍለት አሉ። መንግሥት ቃሉ ለትርጉም ያስቸግራል፣ ይልቅ የአመልካቹ ማንነት በሪፖርት እንዳይወጣ እናድርግ አለ። ረቂቁ ከምክር ቤት ምክር ቤት ሲመላለስ ከረመ። እኔ ከሎርዶቹ ጋር ነኝ። ልጄ የፈራው ስሙ ሪፖርት ላይ እንዳይወጣ አልነበረም። ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ የሚገጥመውን ነው የፈራው።

ወታደር ውጭ ላለ ሰው አቤት ካለ ዲሲፕሊን ይፈርሳል የሚሉ አሉ። ከመካከላችንም አሉ፣ አውቃለሁ። የቀድሞ ወታደሮች የሆናችሁ አባቶቻችን ግን ነገሌ ቦረናን ከኔ በላይ ታስታውሳላችሁ። ጥር 1966 ዓ.ም.፣ በእኛው አቆጣጠር። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። መኮንኖቹ የራሳቸው ውሃ ነበራቸው፣ ወታደሩ ግን ከዚያ እንዳይቀዳ ተከለከለ። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። አቤት ቢሉ የሚሰማ ጠፋ። በመጨረሻ መኮንኖቻቸውን አሰሩ። ጃንሆይ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ እሳቸውንም ይዘው፣ እኛ የምንበላውን ብሉ፣ የምንጠጣውን ጠጡ አሏቸው። በሚቀጥለው ወር ነገሩ ደብረ ዘይትና አስመራ ደረሰ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ፓምፕ ብቻውን ንጉሥ አወረደ አልልም። ግን ያን ጊዜ አንድ ሰው፣ ከብርጌዱ ዕዝ ውጭ የሆነ አንድ ሰው፣ ነገሌ ሄዶ ያንን ውሃ ቀምሶ ቢመለስ ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ዲሲፕሊኑን ያፈረሰው አቤቱታው አይደለም፤ ሰሚ ማጣቱ ነው።

ሕጉ ሁሉን ነገር አይፈታም። ኮሚሽነሩ የዳኛ ሥልጣን የለውም፣ የሚያቀርበው ምክረ ሐሳብ ነው። ሪፖርቱ ፓርላማ የሚደርሰው በመከላከያ ሚኒስትሩ በኩል ሲሆን፣ ሚኒስትሩ ለአገር ደኅንነት ሲባል የሚያስቀሩት ነገር ሊኖር ይችላል። የግል አቤቱታም መጀመሪያ የሚገባው አሁንም ለጦሩ ነው።

ኮሚቴያችን ብዙ የተነጋገረበት ግን ሌላ ነው። ሕጉ ቤተሰብ ያቅርብ ይላል። ቤተሰብ ማለት ማን እንደሆነ ግን በሚኒስትሩ ደንብ የሚወሰን ነው። እስቲ በዚህ አዳራሽ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ስንቱ ልጅ ነው አክስቱ ያሳደገችው? ስንቱ ነው በካርቱም ወይም በናይሮቢ በኩል ከአጎቱ ጋር መጥቶ እናቱን በስልክ ብቻ የሚያውቃት? ያቺ አክስት ለፍላጎቱም ለሕመሙም እናት ናት። ልጁ ካምፕ ውስጥ ሲጨነቅ የምትሰማው እሷ ናት። እሷ ደውላ «ቤተሰብ አይደለሽም» እንድትባል አንፈልግም። ስለዚህ እያንዳንዳችን ለአካባቢያችን የምክር ቤት አባል እንድንጽፍ ኮሚቴው ደብዳቤ አዘጋጅቷል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም አለ። አሳዳጊ የሆናችሁ ሁሉ የራሳችሁን ታሪክ ጨምሩበት፣ ሁለት መስመርም ይበቃል።

ልጆቻችሁ ለፈቃድ ሲመጡም ጠይቋቸው። «እንዴት ነው ሥራ?» ካላችኋቸው «ደህና ነው» ነው የሚሏችሁ። ማን እንደሚያዛቸው፣ ከማን ጋር እንደሚበሉ፣ በስማቸው ይጠሯቸው እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ነገር ካለ ቀኑን ጻፉ። የሦስት ወሩን ገደብ አትርሱ።

እዚያ በስተኋላ፣ ቡናው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ልጅ ታያላችሁ። ልጄ ነው። አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ወዴት እንደሚላክ ቁጭ ብሎ አጥንቷል። ዛሬ እስከ ማታ እዚያው ነው። የምትነግሩትን ለማንም አይናገርም፣ ለእኔም ጭምር።

የዘንድሮው ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን አበስራለሁ። ገንዘብ ያዣችን፣ መድረኩ ያንቺ ነው።