ቀመሩ መቼ ነው የሚሠራው? ፊዚካል ኬሚስትሪን ለሚጀምሩ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣

ፊዚካል ኬሚስትሪ ስሙ ያስፈራል። ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት ሒሳቡን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ለመግቢያው ኮርስ የሚያስፈልገው ዴሪቬቲቭ፣ ቀላል ኢንቴግራልና ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ነው፤ ይህ በሁለት ሳምንት ክለሳ ይመለሳል። ተማሪን በብዛት የሚጥለው ሌላ ነገር ነው፦ ቀመሩን በቃሉ ይይዝና ቀመሩ የሚሠራበትን ሁኔታ ይረሳል።

ከቃል እንጀምር። እኛ በአማርኛ «ሙቀት» ስንል ሁለት ነገር እናደባልቃለን። «የሙቀት መጠን» የሚለው አጠራር ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ዕቃው ውስጥ ስንት ሙቀት እንደተከማቸ የሚነግረን ይመስላል። ሙቀት ግን ዕቃ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። በቴምፕሬቸር ልዩነት ምክንያት ድንበር የሚሻገር ኢነርጂ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በደብተራችሁ ለዩዋቸው፦ ሙቀት በጁል፣ ቴምፕሬቸር በኬልቪን።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይጠራል። 1 ሞል አርገን ፒስተን ባለው ሲሊንደር ውስጥ አለ እንበል፤ እንደ አይዲያል ጋዝ፣ ማለትም ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንደማይሳሳቡና እንደማይገፋፉ ጋዝ፣ እንውሰደው። ቴምፕሬቸሩ 298.15 ኬልቪን፣ ይዘቱ 10 ሊትር ነው። ቴምፕሬቸሩ ሳይለወጥ ወደ 20 ሊትር እንዲሰፋ እናደርገዋለን፤ ግን በሦስት የተለያዩ መንገዶች።

በመጀመሪያው መንገድ የውጭው ግፊት ከውስጡ በኢምንት ብቻ እያነሰ፣ ጋዙ ቀስ ብሎ ይሰፋል። ተቀልባሽ የምንለው ይህ ነው። ጋዙ የሚሠራው ሥራ የጋዝ ቋሚው፣ የቴምፕሬቸሩና የ2 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ብዜት ነው፦ 8.314 ጊዜ 298.15 ጊዜ 0.693፣ ማለትም 1718 ጁል። በሁለተኛው የውጭውን ግፊት በአንድ ጊዜ ወደ መጨረሻው 1.239 ባር እናወርዳለን፤ 1.239 ባር በ10 ሊትር ሲባዛ 12.39 ይመጣል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! 12.39 ጁል አይደለም፤ አንድ ሊትር-ባር 100 ጁል ስለሆነ ሥራው 1239 ጁል ነው። ግፊቱ በአትሞስፌር ቢሆን ማባዣው 101.3 ይሆን ነበር። በሦስተኛው ጋዙ ወደ ባዶ ቦታ ይሰፋል፤ የሚገፋው ነገር ስለሌለ ሥራው ዜሮ ነው።

አሁን መነሻውንና መድረሻውን ተመልከቱ። በሦስቱም አንድ ናቸው። የአይዲያል ጋዝ ውስጣዊ ኢነርጂ በቴምፕሬቸር ብቻ ስለሚወሰን ለውጡ በሦስቱም ዜሮ ነው። ስለዚህ የገባው ሙቀት ከተሠራው ሥራ ጋር እኩል ነው፦ 1718፣ 1239፣ ዜሮ። በመጀመሪያው መንገድ 1718 ጁል ሙቀት ገባ፣ ቴምፕሬቸሩ ግን አንዲት ዲግሪ አልጨመረም። ሙቀት ሌላ፣ ቴምፕሬቸር ሌላ የምንለው ለዚህ ነው። ሥራና ሙቀት መንገዱን ይከተላሉ፤ ውስጣዊ ኢነርጂ መነሻና መድረሻውን ብቻ ያውቃል።

ኢንትሮፒ ላይ፣ ማለትም ኢነርጂ ምን ያህል እንደተበተነ በሚለካው መጠን ላይ፣ ስንደርስ ብዙ ተማሪ ይሰናከላል። ስሙን ክላውዚየስ በ1865 ነው ያወጣለት። በሁለተኛው መንገድ 1239ን ለ298.15 ያካፍሉና «የጋዙ የኢንትሮፒ ለውጥ 4.16 ነው» ይላሉ። በሦስተኛው ደግሞ ሙቀት ስላልገባ «ዜሮ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ስሕተት ነው። የጋዙን ለውጥ ለማግኘት ለቴምፕሬቸር የሚካፈለው በተቀልባሹ መንገድ የሚገባው ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ በሦስቱም መንገድ የጋዙ የኢንትሮፒ ለውጥ አንድ ነው፦ 1718 ለ298.15፣ ማለትም 5.76 ጁል በኬልቪን። የሚለያየው በአካባቢው፣ ከጋዙ ውጭ ባለው ሁሉ፣ ላይ የሚደርሰው ነው፤ ለእርሱ በእርግጥ የሰጠውን ሙቀት ለ298.15 እናካፍላለን። አካባቢው በመጀመሪያው 5.76 ያጣል፣ በሁለተኛው 4.16፣ በሦስተኛው ምንም አያጣም። ድምሩ በቅደም ተከተል ዜሮ፣ 1.61 እና 5.76 ይሆናል። «አይቀንስም» የሚለው የቴርሞዳይናሚክስ ሁለተኛው ሕግ የሚናገረው ስለዚህ ድምር ነው። ይህን አንድ ምሳሌ ደብተር ዘግቶ ከባዶ ወረቀት መሥራት የሚችል ተማሪ፣ አርባ ቀመር ከሸመደደው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

የሥራን ምልክት በተመለከተ፦ ከላይ የቆጠርነው ጋዙ የሠራውን ሥራ ነው፤ ዛሬ በኬሚስትሪ የተለመደው ግን በሥርዓቱ (እዚህ በጋዙ) ላይ የተሠራውን ሥራ ፖዘቲቭ ማድረግ ነው። አንዳንድ የቆዩ መጻሕፍትና የምሕንድስና መማሪያዎች ተቃራኒውን ይጠቀማሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ማደባለቁ ግን መልስ ያበላሻል። ከአዲስ መጽሐፍ ስታነቡ አስቀድማችሁ የመጀመሪያው ሕግ፣ የውስጣዊ ኢነርጂን ለውጥ ከሙቀትና ከሥራ የሚያሰላው፣ ሥራውን በመደመር ተጽፎ እንደሆነ ወይም በመቀነስ እዩ።

ስለ ማጠጋጋትም ልናገር፤ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነው። የሪአክሽን ፍጥነት ከቴምፕሬቸር ጋር እንዴት እንደሚለወጥ በሚናገረው፣ አሬኒየስ በ1889 ባቀረበው ቀመር እንሥራ። የአንድ ሪአክሽን የፍጥነት ቋሚ ከ25 ወደ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ በእጥፍ ጨመረ፤ አክቲቬሽን ኢነርጂው፣ ሪአክሽኑ እንዲካሄድ መሻገር ያለበት የኢነርጂ እንቅፋት፣ ስንት ነው? የ298.15 ተገላቢጦሽ 0.003354፣ የ308.15 ደግሞ 0.003245 ነው። ልዩነታቸው 0.0001088 ነው፤ 8.314 ጊዜ 0.693 ለዚህ ልዩነት ሲካፈል መልሱ 53 ኪሎጁል በሞል ይመጣል። ተገላቢጦሾቹን 0.0034 እና 0.0032 ብሎ ያጠጋጋ ተማሪ 29 ያገኛል፤ ግማሽ ያህል ሳተ ማለት ነው። ሁለት ተቀራራቢ ቁጥሮች ሲቀናነሱ የፊተኞቹ አኃዞች ይጠፋፋሉ፣ የሚቀረው የተጠጋጋው ጭራ ነው። ዲግሪ ሴልሺየሱን እንዳለ ያስገባ ደግሞ ግማሽ ኪሎጁል ያገኛል። እንዲህ ያለ አክቲቬሽን ኢነርጂ ካያችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ይህን ያህል ትንሽ ቢሆን ኖሮ አሥር ዲግሪ ማሞቅ ፍጥነቱን እጥፍ ሊያደርገው አይችልም ነበር።

በጊብስ ነፃ ኢነርጂ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። ይህ መጠን በቋሚ ቴምፕሬቸርና ግፊት ሪአክሽን ወዴት እንደሚያጋድል ይነግረናል፤ ለውጡ የሚገኘው ከኢንታልፒ ለውጥ (በቋሚ ግፊት ከሚገባው ወይም ከሚወጣው ሙቀት) ላይ የቴምፕሬቸርና የኢንትሮፒ ለውጥ ብዜት ሲቀነስ ነው። አንደኛው የታወቀ ነው፦ ሠንጠረዦች ኢንታልፒን በኪሎጁል፣ ኢንትሮፒን በጁል ያስቀምጣሉ፤ ሳይቀይሩ መቀነስ ሺህ እጥፍ ያሳስታል። ሁለተኛው ጠለቅ ይላል። መደበኛው ነፃ ኢነርጂ ፖዘቲቭ ከሆነ «ሪአክሽኑ አይካሄድም» የሚል መልስ በፈተና ወረቀት ላይ ይበዛል። አሴቲክ አሲድ በውሃ ውስጥ ሲከፋፈል መደበኛው ለውጥ 27 ኪሎጁል በሞል ያህል ፖዘቲቭ ነው። ሆኖም 0.1 ሞላር በሆነው ብጥብጥ ውስጥ 1.3 በመቶ የሚሆነው ተከፋፍሎ ይገኛል፣ ሊትመስንም ያቀላል። መደበኛው እሴት የሚናገረው ሁሉም ነገር በመደበኛ ሁኔታ ላይ ቢሆን ወዴት እንደሚያጋድል ነው፤ ከዚያም የኢኩሊብሪየም ቋሚውን፣ ሪአክሽኑ ሚዛን ላይ ሲደርስ የውጤቶቹንና የመነሻዎቹን ጥምርታ የሚናገረውን ቁጥር፣ ይሰጠናል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ እያንዳንዱ 5.7 ኪሎጁል ቋሚውን በአሥር እጥፍ ያንቀሳቅሰዋል። ይህችን ቁጥር ያዟት፣ ብዙ መልስ በጭንቅላት ታጣራላችሁ። የጋዝ መደበኛ ግፊት በ1982 ከ1 አትሞስፌር ወደ 1 ባር መለወጡንም አስታውሱ፤ የቆየ ሠንጠረዥ ስትጠቀሙ ትንሽ ልዩነት ብታዩ አትደንግጡ።

ላቦራቶሪ ውስጥም ጥያቄው ያው ነው፦ የተቆለፈው ምንድን ነው? የቦምብ ካሎሪሜትር፣ ናሙና በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አቃጥለን የሚወጣውን ሙቀት የምንለካበት መሣሪያ፣ ይዘቱ ስለማይለወጥ የሚለካው የውስጣዊ ኢነርጂን ለውጥ ነው። ወደ ኢንታልፒ ለመሻገር የጋዝ ሞሎችን ለውጥ ቁጠሩ። ለአንድ ሞል ቤንዞይክ አሲድ ጋዙ በግማሽ ሞል ይቀንሳል፤ እርማቱ 1.2 ኪሎጁል ብቻ ነው፣ ከ3226 አንጻር ኢምንት። ግን ዘላችሁት ስትሄዱ እያወቃችሁ ይሁን። ማቀጣጠያ ሽቦው የናሙናውን እንክብል ካልነካ ላይቀጣጠል ይችላል፤ ስትከፍቱት ጥላሸት ካገኛችሁ ቃጠሎው አልተሟላምና ልኬቱን ጣሉት። ከመለኮሱ በፊት ቢያንስ አምስት ደቂቃ ቴምፕሬቸሩን መዝግቡ፤ ያለዚያ ከውጭ የገባውን ሙቀት ከቃጠሎው መለየት አትችሉም።

ለዚህ ሳምንት ያቺኑ አርገን ውሰዱና ሙቀት እንዳይገባም እንዳይወጣም ዝጉባት። ከ10 ሊትር ወደ 20 በተቀልባሽ መንገድ አስፏት። መጀመሪያ ሳታሰሉ ገምቱ፦ ትቀዘቅዛለች ወይስ አትቀዘቅዝም? የጋዟ ኢንትሮፒስ? ከዚያ አስሉ። 187.8 ኬልቪን እና 1376 ጁል ሥራ ካገኛችሁ በትክክለኛው መንገድ ላይ ናችሁ። 298.15 ላይ ከቀራችሁ ግን፣ የትኛውን ቀመር ያለቦታው እንደተጠቀማችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ወደ ቱቶሪያል ይዛችሁት ኑ።