ባለህበት እርገጥ፦ ከፍ አልል ያለ ውጤትና ሁለተኛው ኤልሳት

ጋሼ፦ እንደምን አላችሁ ወዳጆቻችን? ዛሬም ከሐዋሳ ነን። ታቦር ተራራ ሥር፣ እናታችን ቤት፣ ከጓዳው አጠገብ ባለችው ክፍል ተቀምጠናል። ውጭ ዶሮ ከጮኸ ይቅርታ አድርጉልን። ዛሬ እንግዳ የለንም። ባለ ታሪኳ ራሷ እህቴ ሚሚ ናት፤ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያውን ፈተና፣ ኤልሳትን፣ ለሁለተኛ ጊዜ ልትፈተን እየተዘጋጀች ነው።

ሚሚ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እውነቱን ለመናገር ይህን ክፍል ለመቅዳት ስፈራ ነው የከረምኩት።

ጋሼ፦ ለምን?

ሚሚ፦ ያላለቀ ነገር ስለሆነ። ሰው ስለ ፈተና የሚያወራው ካለፈ በኋላ ነው። እኔ ገና መሀል ላይ ነኝ። ግን እንደኔ መሀል ላይ የቆመ ሰው ይሰማን ይሆናል ብዬ እሺ አልኩ።

ጋሼ፦ እንግዲህ ከመነሻው እንጀምር። ኤልሳት ምንድን ነው? እኔ ጠበቃ ነኝ፣ ግን እንዲህ ያለ ፈተና አልተፈተንኩም። በእኔ ጊዜ ማትሪክ አልፈህ ሕግ ከደረሰህ ደረሰህ ነው። 5 ዓመት ትማራለህ፣ ትወጣለህ።

ሚሚ፦ አሜሪካና ካናዳ ሕግ የሚገባው ባብዛኛው ሌላ ዲግሪ የያዘ ሰው ነው። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ኢኮኖሚክስ ነው የጨረስኩት። ከዚያ ለመግቢያ ኤልሳት ትፈተናለህ። ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፈተና ነው። የሚገርመው ስለ ሕግ አንድም ጥያቄ የለውም። አንቀጽ አትሸመድድም። የሚለካው የሰው ክርክር አንብበህ የቱ ጋ እንደሚያነክስ ማየት መቻልህን ነው።

ጋሼ፦ ከስንት ነው የሚታረመው?

ሚሚ፦ ውጤቱ ከ120 ይጀምርና 180 ላይ ያበቃል። አራት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ። ከአራቱ አንዱ አይቆጠርም። ለወደፊት ፈተና የሚሞከሩ ጥያቄዎች ናቸው። የትኛው እንደሆነ ግን አይነገርህም፣ ስለዚህ አራቱንም እኩል ትሠራለህ። ድሮ ሎጂክ ጌምስ የሚባል የእንቆቅልሽ ክፍል ነበረው፤ ከኦገስት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። አሁን የሚቆጠሩት ሁለት ሎጂካል ሪዝኒንግ፣ ማለትም አጫጭር ክርክሮችን የምትመረምርባቸው ክፍሎች፣ እና አንድ የንባብ ክፍል ናቸው።

ጋሼ፦ አንቺ ስንት አመጣሽ?

ሚሚ፦ 157። የምፈልገው 165 ነው።

ጋሼ፦ መጥፎ አይደለም እኮ።

ሚሚ፦ አይደለም። ያሳመመኝ ግን 157 አይደለም። ከፈተናው በኋላ ለድጋሚ መዘጋጀት ጀመርኩ አይደል? በየቅዳሜው ሙሉ የልምምድ ፈተና እሠራለሁ። አንዳንዴ ማክሰኞ ማታ እደግማለሁ። 158። 159። 157። 158። 159። ሦስት ወር ሙሉ! ወታደር «ባለህበት እርገጥ» ሲባል አይተሃል? እግሩ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ያልበዋል፣ ቦታው ያው ነው። እንደሱ ሆንኩ።

ጋሼ፦ እማዬም ታውቅ ነበር።

ሚሚ፦ በደንብ ነዋ። ቅዳሜ ከሰዓት በሩን ገርበብ አድርጋ ፊቴን ታየኛለች። አትጠይቀኝም። ቡናውን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ታስቀምጥና በቀስታ ትወጣለች። ያ አለመጠየቋ ነው ያስለቀሰኝ።

ጋሼ፦ አንድ ማታ ያልሽኝን አልረሳውም። «ጋሼ፣ የኔ ጭንቅላት ልኩ እዚህ ድረስ ነው» አልሽኝ።

ሚሚ፦ አምኜበት ነበር። ውጤቱ አንድ ቦታ ሲቆም መጀመሪያ ወደ ሰው ልብ የሚመጣው ይህ ነው። «በቃ ይሄ ነኝ» ትላለህ። አሁን ሳስበው ስህተቱ ሌላ ቦታ ነበር። ፈተና ሠርቼ እጨርሳለሁ፣ መልሱን አያለሁ፣ የተሳሳትኩትን ሳገኝ «አሃ፣ ገባኝ» ብዬ እገለብጠዋለሁ። የጎዳኝ ያ «ገባኝ» ነው። መልሱ ፊትህ ተቀምጦ ሁሉም ነገር ይገባሃል።

ጋሼ፦ የዚያን ዕለት ማታ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ነው የጠየቅሁሽ።

ሚሚ፦ «ትክክለኛው ለምን ትክክል እንደሆነ ነገርሽኝ። ያንቺን ለምን መረጥሽው?» አልከኝ። መልስ አልነበረኝም። ዝም ብዬ ቀረሁ። ሦስት ወር ስሠራ ያን ጥያቄ አንድ ቀን ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ጋሼ፦ ፍርድ ቤት የለመድነው ስለሆነ ነው። ምስክር ሲሳሳት «ተሳስተሃል» ብትለው ምንም አታገኝም። ምን አይቶ እንደዚያ እንዳለ ስትጠይቀው ነው ነገሩ የሚወጣው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ።

ሚሚ፦ በምሳሌ ላሳይህ። እንግሊዝኛውን ትተን እዚሁ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል እናምጣው። ክርክሩ እንዲህ ነው፦ «አሞራ ገደል ዛሬ የሚሸጠው ዓሣ በሙሉ ዛሬ ጠዋት ከሐይቁ የወጣ ነው። ስለዚህ ዛሬ እዚያ የምንጠጣው የዓሣ ሾርባ ከዛሬ ዓሣ ብቻ የተሠራ ነው።» ጥያቄው፦ ይህ ክርክር እንዲቆም የግድ እውነት መሆን ያለበት ምንድን ነው? ሁለት ምርጫ ልስጥህ። አንደኛው፣ «የዛሬ ዓሣ ከትናንት ዓሣ ይጣፍጣል።» ሁለተኛው፣ «ሾርባ ሠሪዋ ከትናንት የተረፈ ዓሣ አልጨመረችም።»

ጋሼ፦ ሁለተኛው።

ሚሚ፦ አንተ ቶሎ ደረስክበት። እኔ ሰዓት እየሮጠብኝ የመጀመሪያውን ነበር የምመርጠው። ለምን? እውነት ስለሆነ! የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ የዛሬ ዓሣ እንደሚጣፍጥ አውቃለሁ። ግን ጥያቄው «እውነት የሆነውን ምረጪ» አላለኝም። ክርክሩ የቆመበትን ነው የጠየቀኝ።

ጋሼ፦ ማረጋገጫው ምንድን ነው?

ሚሚ፦ ምርጫውን ትገለብጠዋለህ። «ሾርባ ሠሪዋ ከትናንት የተረፈ ጨምራለች» በል። ክርክሩ ወዲያው ፈረሰ አይደል? የመጀመሪያውንም ገልብጠው። «የዛሬ ዓሣ ከትናንቱ አይጣፍጥም።» እሺ፣ ባይጣፍጥስ? ሾርባው አሁንም ከዛሬ ዓሣ ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ክርክሩ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ አያስፈልገውም ማለት ነው።

ጋሼ፦ ይሄን ዘዴ አታውቂውም ነበር?

ሚሚ፦ በደንብ አውቀዋለሁ! መጽሐፉ ላይ አስምሬበታለሁ። ማወቄ አይደለም ችግሩ። የቱ ጋ እንደምስት አላውቅም ነበር። ከዚያ ማታ በኋላ ደብተር ያዝኩ። ይኸው፣ እዚህ አለ።

ጋሼ፦ ለአድማጮቻችን፣ ተራ ባለ መስመር ደብተር ነው። ጠርዙ ተጨማዷል። በሰማያዊ የጥያቄው ዓይነት፣ በቀይ ደግሞ… አንዱን ላንብበው? «የመረጥኩት ሐ። ለምን ማረከኝ? ምንባቡ ውስጥ ያለውን ቃል ስለደገመ። ቃሉ አንድ ነው፣ ሐሳቡ ግን ሌላ።» በአማርኛ ነው የምትጽፊው?

ሚሚ፦ በአማርኛ ነው። በእንግሊዝኛ ስጽፍ የመጽሐፉን አባባል እየገለበጥኩ ራሴን እሸውዳለሁ። በአማርኛ ስጽፍ ግን ካልገባኝ ዐረፍተ ነገሩ አይወጣልኝም። 40 ስህተት ጽፌ ስቆጥር 17ቱ አንድ ዓይነት ናቸው። እውነት ስለሆነ ወይም ቃሉ ስለተደገመ የመረጥኩት። 17! ሦስት ወር ሙሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ስወድቅ ነበር።

ጋሼ፦ ሌላው ጉድጓድሽስ? ያቺ የዝናቧ።

ሚሚ፦ እሷን አንተን ልጠይቅህ። «ካልዘነበ ፍቅር ሐይቅ እመጣለሁ» አልኩህ። ዘነበ። እመጣለሁ ወይስ አልመጣም?

ጋሼ፦ አትመጪም።

ሚሚ፦ ማን አለህ?

ጋሼ፦ አንቺ ነሻ! ካልዘነበ… ቆይ። አላልሽም ለካ። ካልዘነበ እንደምትመጪ ነው የነገርሽኝ። ከዘነበ ስለሚሆነው ምንም አላልሽም።

ሚሚ፦ ጃንጥላ ይዤ ልመጣ እችላለሁ። በወሬ መሀል ሁላችንም «ከዘነበ ትቀራለች» ብለን ነው የምንሰማው፣ ጥፋትም የለውም። ፈተናው ላይ ግን ያልተባለውን ጨምረህ ካነበብክ ወጥመዱ ውስጥ ገባህ።

ጋሼ፦ ይሄ የፈተና ነገር ብቻ አይደለም። በእንዲህ ያለ አንድ ዐረፍተ ነገር የተነሳ በውል የተጣሉ ስንት ሰዎች ቢሮዬ መጥተዋል። አንዱ ያልተጻፈውን አንብቦ፣ ሌላው የተጻፈውን ይዞ። እሺ፣ ንባቡ ላይስ? እዚያም ቆሞብሽ ነበር።

ሚሚ፦ እዚያ ችግሩ ሌላ ነበር። ይህን ያወቅሁት ብላይንድ ሪቪው በሚባለው ነው። ሰዓቱ ካለቀ በኋላ መልሱን ከማየትህ በፊት፣ የተጠራጠርክባቸውን ያለ ሰዓት ደግመህ ትሠራለህ። ሁለት ውጤት ይኖርሃል፣ አንዱ በሰዓት፣ አንዱ ያለ ሰዓት። ሎጂካል ሪዝኒንግ ላይ ሁለቱ ውጤቶቼ ተቀራራቢ ነበሩ። ጊዜ ቢሰጠኝም እሳሳታለሁ፣ ስለዚህ አልገባኝም ማለት ነው። ንባቡ ላይ ግን ያለ ሰዓት ከሞላ ጎደል ሁሉንም አገኛለሁ። እዚያ የሚያንሰኝ ፍጥነት ነው። ሁለቱን በአንድ መድኃኒት ሳክም ነበር።

ጋሼ፦ ለምን ነበር የምትዘገዪው?

ሚሚ፦ በልቤ እየተረጎምኩ። አራት ምንባብ አለ፣ 35 ደቂቃ ለአራት ሲካፈል ለአንዱ ዘጠኝ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። እኔ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ካልመለስኩ አላልፍም። አንተ ስለ ተጠየቅ ያጫወትከኝ ነው የጠቀመኝ።

ጋሼ፦ አዎ፣ የድሮውን ሙግት። «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ቆመው የሚሟገቱበትን። ከሳሽ ይናገራል፣ ተከሳሽ ይመልሳል፣ ዳኛው ይሰማል። ጽሑፍ የለም፤ ስለዚህ የሚሰማው ሰው ማን ምን እንዳለ በልቡ መያዝ አለበት። ቃል በቃል አይደለም፣ የማን አቋም የቱ እንደሆነ።

ሚሚ፦ እሱን ሰምቼ አነባበቤን ቀየርኩ። አሁን በየአንቀጹ መጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው፦ «ይህን የሚለው ማነው?» ጸሐፊው ራሱ ነው? ጸሐፊው የሚቃወማቸው ሰዎች ናቸው? ስለ ኮከብም ይሁን ስለ ሥዕል ግድ የለኝም። ተሟጋቾቹን ከለየሁ፣ የማላውቀው ቃል ቢያጋጥመኝም አልፈዋለሁ። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ውጤቴ ወረደ እንጂ አልወጣም። ይህን ሰው ይወቀው። ልማድ ስትቀይር መጀመሪያ ትወርዳለህ። ያኔ ነው ብዙ ሰው ወደ ድሮው የሚመለሰው።

ጋሼ፦ ሙሉ ፈተናውንም አቁመሽ ነበር አይደል?

ሚሚ፦ 6 ሳምንት አልነካሁትም። በሳምንት ሁለት ክፍል ብቻ። የቀረውን ጊዜ ለደብተሩ ሰጠሁት። አንድ ጥያቄ ላይ 20 ደቂቃ የተቀመጥኩበት ቀን አለ። አምስቱንም ምርጫ ለምን አዎ፣ ለምን አይ እያልኩ።

ጋሼ፦ በፈተናው ሰዓት ግን እንዲህ መቀመጥ አይቻልም።

ሚሚ፦ በፍጹም! ሎጂካል ሪዝኒንግ ወደ 25 ጥያቄ ነው፤ ለአንዱ የሚደርሰው ከአንድ ደቂቃ ተኩል ያንሳል። እኔ እልህ ይይዘኝና አንዱ ላይ ሦስት ደቂቃ እቆማለሁ። ያ የሁለት ጥያቄ ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ የማገኛቸው ቀላል ጥያቄዎች ሳይነበቡ ይቀራሉ። አሁን ካልመጣልኝ አንዱን ፊደል እሞላለሁ፣ ምልክት አደርጋለሁ፣ እሄዳለሁ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፣ ባዶ መተው ግን ዜሮ ነው።

ጋሼ፦ ድጋሚ መፈተኑን ራሱ የሚፈሩ አሉ። «ትምህርት ቤቶቹ ሁለት ጊዜ መፈተኔን ካዩ?» ይላሉ።

ሚሚ፦ ያያሉ። ግን ባብዛኛው ክብደት የሚሰጡት ለከፍተኛው ውጤት ነው። ስለዚህ ማፈር አያስፈልግም። ገደብ ግን አለው። በ5 ዓመት ውስጥ 5 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክህ 7 ጊዜ ነው። አንዴ ለመፈተን ደግሞ ከ200 ዶላር በላይ ይከፈላል። ዶላር እንዴት እንደሚገኝ እናውቃለን። እባካችሁ በንዴት አትመዝገቡ። እኔ ውጤቴን ባየሁበት ማታ ልመዘገብ ስልኬን አንስቼ ነበር።

ጋሼ፦ ምን አስቆመሽ?

ሚሚ፦ እማዬ እራት ብላ ጠራችኝ። በልቼ ስመለስ ልቤ በርዷል። አሁን ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አንድ ጥሩ ቅዳሜን አይቼ አልወስንም የሚል ነው። የመጨረሻዎቹን አምስት ፈተናዎች እደረድራለሁ። 162፣ 161፣ 163፣ 161፣ 162 ናቸው። ዝቅተኛው እንኳን ከ157 በአራት ይበልጣል። ይህን አይቼ ነው የተመዘገብኩት።

ጋሼ፦ 165 ግን አልደረሰም።

ሚሚ፦ አልደረሰም። ላይደርስም ይችላል። ሲሆን የምነግራችሁ ይሆናል። ግን ደብተሩ ላይ የድሮዎቹ ስህተቶች እየጠፉ አዳዲስ መጥተዋል። ደስ ያለኝ እሱ ነው። አዲስ ስህተት ማለት ካለሁበት ቦታ ወጥቻለሁ ማለት ነው።

ጋሼ፦ ቅዳሜ ሙሉ ፈተና አለሽ። ስንት ሰዓት ነው?

ሚሚ፦ ጠዋት 3 ሰዓት እጀምራለሁ። ሁለት ክፍል፣ 10 ደቂቃ እረፍት፣ ሁለት ክፍል። ልክ እንደ ዋናው። እማዬም ቡናውን በእረፍቱ ብቻ እንድታመጣ ነግሬያታለሁ፣ እሺ ብላለች።

ጋሼ፦ እኔ ልጆቹን ይዤ አሞራ ገደል እወርዳለሁ። አባ ኮዳዎቹን፣ እነዚያን ትልልቅ ወፎች ሲያዩ ሰዓቱ አይታወቃቸውም። እስከ 6 ሰዓት አንመጣም።

ሚሚ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ስትመለስ መልሱን ሳላይ እጠብቅሃለሁ። የተጠራጠርኩባቸውን አንድ በአንድ «ለምን መረጥሽው?» ትለኛለህ።