ልጁን «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት

(በደሴ ከተማ በትምህርት መክፈቻ ሰሞን ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጊዜው ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛበት ነው። ያን ሁሉ ሩጫ ትታችሁ እዚህ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ።

እኔ የሕፃናት ነርስ ነኝ። 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ልጆች የልብና የስኳር ሕመም እንድናገር ነው የተጠራሁት። የምጀምረው ግን ከቅጽል ስም ነው።

ቶሎ የሚደክመውን ልጅ «ሰነፍ» እንለዋለን። የማያለቅሰውን ጨቅላ «ገራም» እንለዋለን። ፍራሽ የሚያረጥበውን «ሽንታም» ብለን እናሳፍረዋለን። ጉልበቷን የሚያማትን «እያደገች ነው» ብለን እናልፋታለን። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ልንሆን እንችላለን። ልክ ባልሆንበት ጊዜ ግን ልጁ ታሟል፤ ሕመሙም በሰጠነው ስም ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። በዚህ ምክንያት ዘግይተው የደረሱ ልጆችን በእጄ ይዣለሁ።

ከራሴ ልጀምር። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። «ትናንት ቀኝ ጉልበቷን ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ግራ ቁርጭምጭሚቷን አመማት» አለችኝ። ልጅቷ ትኩሳት ነበራት። ከሦስት ሳምንት በፊት ጉሮሮዋን ታማ እንደነበርም እናትየዋ ነገረችኝ። ሁሉንም ነገር ነግራኛለች። እኔ ግን «አብሽሪ፣ እያደገች ነው» ብዬ ማስታገሻ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ልጅቷን አገኘኋት። እግሯ አብጧል። ሦስት ትራስ ካልተደገፈች መተኛት አትችልም። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ትተነፍሳለች። የልቧ ቫልቭ ተበላሽቶ ነበር። እናትየዋ አላወቀችኝም። እኔ ግን አወቅኋት። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለዚያች ልጅ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕመሙ ሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮን ያማል። ሰውነት ሊከላከል ይነሳል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ገደማ ሲያልፍ ግን መከላከያው ይሳሳትና የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ ማጥቃት ይጀምራል። ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዞረው ሕመም ከዚያ ነው የሚመጣው። የመገጣጠሚያው ሕመም ያልፋል፤ ጠባሳ አይተውም። የልቡ ግን ይቆያል። ቫልቭ ማለት በልብ ክፍሎች መካከል ያለ በር ነው። ደም ወደ ፊት ያሳልፋል፣ ወደ ኋላ አይመልስም። በሩ ሲጠብ ደም ይታጎራል፣ መግጠም ሲያቅተው ደግሞ ደም ይመለሳል። ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር ጉዳቱ እየባሰ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን፣ ማለትም ልክ የእናንተን ተማሪዎች ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ፔኒሲሊን ነው። ጉሮሮው መታመም በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከተሰጠ ልቡን ይታደጋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ጉሮሮውን ያመመው ሁሉ መድኃኒት ይዋጥ ማለቴ ግን አይደለም። ሳልና ንፍጥ ካለው ብዙ ጊዜ ጉንፋን ነው። ድንገት ትኩሳት ይዞት፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት፣ አንገቱ ሥር እጢ ካበጠበትና ሳል ከሌለው ግን ነገ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የአሥር ቀን መድኃኒት ከታዘዘም አሥሩንም ቀን ይውሰድ። በሦስተኛው ቀን ተሻለው ብሎ የተረፈውን ለታናሽ ወንድሙ ማስቀመጥ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሌለበት ቤት ያለ አይመስለኝም። እባካችሁ ይቅር።

«እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ እንጥል የሚያስቆርጥም አለ። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም። ልጁ ይደማል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ያ ዘጠኝ ቀን ደግሞ ያልቃል።

አንዴ ሕመሙ የያዘው ልጅ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለውን መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት መወጋት አለበት። መርፌው ያማል፤ ልጆቹ ይጠሉታል። መምህራን፣ እዚህ ላይ እርዱን። የመርፌ ቀኑ ላይ ልጁን ቀሪ አታድርጉት። አንድ ልጅ «ፈተና ስለነበረኝ ቀረሁ» ሲለኝ እንዴት እንደሚያመኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ቀዶ ሕክምና አለ ወይ? አለ። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት መሠረቱ። ብዙ ዓመት ተለፍቶበት፣ ሕዝቡ ሳንቲም ከሳንቲም አዋጥቶ፣ በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ከዚያ በፊት ተስፋው ውጭ አገር መላክ ነበር። እስራኤል ሆሎን ከተማ በሚገኘው ዎልፍሰን ሆስፒታል ዶክተር አሚ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመሩት ሥራ፣ ዛሬ ከብዙ አገር ሕፃናትን ተቀብሎ የሚያክመው፣ የተነሳው ለኢትዮጵያውያን ልጆች እርዱን ተብሎ በቀረበላቸው ጥያቄ ነው። ባለውለታዎቻችን ናቸው።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ወረፋው ከመንገዱ ይረዝማል። ሐኪሞቹ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ቢተኩላት እንኳ፣ የብረት ከሆነ ልጅቷ ዕድሜ ልኳን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ትውጣለች። አድጋ ስታገባ ማርገዝ ለሕይወቷ አስጊ ይሆናል። እኛ አገር ላለች ሴት ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናቶች ታውቁታላችሁ። በዚያኛው ጫፍ ያለው ደግሞ ርካሽ ፔኒሲሊን ነው።

ሕመሙ አብሮት የሚወለድም ልጅ አለ። ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ ልቡ ላይ ችግር ይዞ ይወለዳል። አንዳንዱ ቀዳዳ ትንሽ ነው፣ በራሱ ይዘጋል። አንዳንዱ አይዘጋም። ዳውን ሲንድረም የሚባለው፣ አብሮ የሚወለድና የአእምሮ እድገትን የሚያዘገይ ሁኔታ ካላቸው ልጆች ደግሞ ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ስላለባቸው ሁሉም መታየት አለባቸው።

አንድ ልጅ ነበር፣ የሰባት ዓመት። ኳስ ሲጫወት ትንሽ ይሮጥና ሜዳው መሃል ቁጢጥ ይላል። ጉልበቱን በእጁ ደረቱ ላይ ያቅፋል። ከዚያ ተነስቶ ትንሽ ይሮጣል፣ ደግሞ ቁጢጥ ይላል። ጓደኞቹ «ሽማግሌው» ይሉታል። ያየችው መምህርቱ ናት። ከንፈሩ ወይን ጠጅ መምሰሉን፣ የጣቱ ጫፍ እንደ ከበሮ መምቻ ማበጡን አየች። ሳትውል ሳታድር ወላጆቹን ጠራች። ልጁ ቁጢጥ የሚለው ሰንፎ አልነበረም። እንደዚያ ሲቀመጥ የእግሩ የደም ሥሮች ይታጠፉና ወደ ሳንባው የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ ትንፋሽ ያገኛል። ማንም ሳያስተምረው ራሱን ማከም ጀምሮ ነበር።

ከንፈርን ለሚያጠቁረው ለዚህ አብሮ የሚወለድ የልብ ሕመም የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የተደረገው አሜሪካ ውስጥ ባልቲሞር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1944 ነው። ሐሳቡን ያፈለቀችው ዶክተር ሔለን ታውሲግ የመስማት ችግር ነበረባት። የሕፃናቱን ልብ በእጇ እየዳሰሰች ነበር የምታዳምጠው። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። እናቶች፣ ልጃችሁን ስታጥቡት እጃችሁ ደረቱ ላይ ይረፍ። እንደ ድመት ጉሮሮ የሚርገበገብ ነገር ከተሰማችሁ አምጡት።

አሁን ወደ ጨቅላዎቹ ልምጣ። «ገራም ነው፣ አያለቅስም፣ ሲተኛ ነው የሚውለው» ሲባል እኔ ደስ አይለኝም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እንዴት ነው የሚጠባው? ጥቂት ጠብቶ የሚያቆም፣ ግንባሩ በላብ የሚርስ፣ ሲተኛ እንኳ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ከሆነ ልቡ እየታገለ ሊሆን ይችላል። ልጁ ተኝቶ እያለ ደረቱን እያያችሁ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። 60 ከደረሰ ወይም ካለፈ አትጠብቁ። ምላሱ ከጠቆረማ ሌሊትም ቢሆን ተነሱ። በእጅና በእግር ላይ የምትደረግ ኦክስጅን መለኪያ አለች። አታምም፣ ደም አትቀዳም። ከተወለደ ከ24 ሰዓት በኋላ ብትደረግለት ዓይን የማያየውን ታሳያለች። የምታዋልዱ እህቶቼ፣ መሣሪያው ካላችሁ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት።

ሌላው ስኳር ነው። አሁን የምለው ስለ ስኳር ማነስ ነው። ሕፃኑ እትብቱ ሲቆረጥ የእናቱ ምግብ ይቋረጥበታል። የያዘው ስንቅ ትንሽ ነው። ያለ ጊዜው ከተወለደ፣ ክብደቱ ካነሰ፣ ወይም እናቱ የስኳር ሕመም ካለባት ስንቁ በሰዓታት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ይንቀጠቀጣል፣ ይዝላል፣ አንጎሉ ይጎዳል። ትልቅ ሆኖ የተወለደ ልጅ ስናይ እልል እንላለን። ግን አንዳንዴ ልጁን ያገዘፈው የእናቱ ስኳር ነው፤ ከተወለደ በኋላ መለካት አለበት። መከላከያው እናቱ ጋ ነው ያለው፤ እንገር ነው። ቢጫውን እንገር አልቦ መድፋት፣ በምትኩ ቅቤ ማላስ፣ ውኃና ስኳር መስጠት አሁንም አለ። አያቶቻችን በፍቅር ነው ያደረጉት። ለጨቅላ ግን ከእንገር የሚተካከል ምግብ የለም። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ ገላው ከእናቱ ገላ ጋር ይሁን፣ እንዳይበርደው።

ባሕር ማዶ የወለደች ዘመድ ያላችሁ «ተረከዙን ወጉብኝ» ብላ ነግራችሁ ይሆናል። ከተረከዙ ጥቂት ጠብታ ደም ወረቀት ላይ አድርገው የሚመረምሩት እንደ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ እጢ የሚያመነጨው፣ ለአእምሮ እድገት የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር) እጥረት ያሉ ሲወለድ የማይታዩ ሕመሞችን ነው። ታይሮይድ ያነሰው ሕፃን እውነትም «ገራም» ይመስላል። ይተኛል፣ አያስቸግርም፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ቢጫነቱ ቶሎ አይለቀውም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ በቀን አንዲት ክኒን ከተጀመረለት እንደ እኩዮቹ ያድጋል። ከዘገየ የተጎዳው አእምሮ አይመለስም። ይህ ምርመራ እኛም አገር ለያንዳንዱ ልጅ እንዲደርስ እመኛለሁ፤ በየስብሰባውም እጠይቃለሁ። እስከዚያው ነፍሰ ጡሮች አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

መጨረሻ ላይ «ሽንታሙ»። ልጁ ደረቅ ሆኖ ማደር ከለመደ በኋላ እንደገና ፍራሽ ማርጠብ ከጀመረ፣ ውኃ ጠጥቶ ካልረካ፣ እየበላ ከከሳ የስኳር ሕመም ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ገጠር ውስጥ ሽንቱ ላይ ጉንዳን ሲሰበሰብ አይተው ያመጡት አባት አውቃለሁ፤ ልጃቸውን አዳኑት። በዚህ ሕመም ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ኢንሱሊን ይጠፋል። ስኳሩ ደም ውስጥ ሞልቶ ሰውነቱ ግን ይራባል፤ ወንዝ ዳር ተቀምጦ እንደ መጠማት ነው። ከዚያ ሰውነት ስቡን ማቃጠል ይጀምራል፣ ደሙ አሲድ ይሆናል። ልጁ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ትንፋሹ እንደበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው፣ ጨጓራ ነው ሲባል ቀን ያልፋል። የጣት ጠብታ ደም በደቂቃ ውስጥ መልሱን ይሰጣል። የሥራ ባልደረቦቼ፣ የሚያስመልሰውን ልጅ ሁሉ ስኳሩን ሳትለኩ አትሸኙት።

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ አይተርፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ወሰደና ተረፈ። ዛሬ መድኃኒቱ አለ፤ የኛ ጭንቀት ሳይበላሽ ማቆየቱ ነው። የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንዲት አያት አሉ። ቤታቸው ፍሪጅ የለም። ትልቅ ሸክላ ውስጥ አሸዋ አድርገው፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ እያርከፈከፉ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ሸክላ ቀብረው ኢንሱሊኑን ያስቀምጣሉ። ክፍሉ ሲሞቅ ሸክላው ይቀዘቅዛል። እጄን ከትቼ ነክቼዋለሁ። ልጁ አሁን ስድስተኛ ክፍል ገብቷል።

ጠበል የምትሄዱም፣ ዱዓ የምታስደርጉም፣ ማንም ከእምነታችሁ አያስቀራችሁም። ኢንሱሊኑን ግን አንድ ቀን እንኳ አታቋርጡ።

መምህራን፣ ስኳር ያለበት ልጅ በክፍላችሁ ካለ ሽንት ቤት ሲጠይቅ አትከልክሉት፣ መክሰሱን በሰዓቱ ይብላ። ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታበት ስኳሩ ወርዷል። መዋጥ ከቻለ ወዲያው ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ ስጡት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

አሁን ልጨርስ። ከአዳራሹ በስተግራ ባለው ክፍል ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ማዳመጫና የስኳር መለኪያ ይዘው ተቀምጠዋል። እስከ 11 ሰዓት ይቆያሉ። ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ ቀጥታ ግቡ። ቤት የተዋችሁት ደግሞ ሄዳችሁ አምጡት፤ «ሰነፍ» የምትሉትን መጀመሪያ።