ክሎኖቻችሁን ቁጥር ስጧቸው

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ብሎክ በመገጣጠም ጨዋታ ስለሚሠራበት ፕሮግራም፣ ስለ ስክራች ክሎኖች ላወራችሁ ነው። ክሎን ማለት ፕሮጀክቱ እየሮጠ የሚፈጠር የስፕራይት፣ ማለትም ማያው ላይ የሚንቀሳቀስ ገጸ ባሕሪ ወይም ዕቃ፣ ቅጂ ነው።

ክሎን የመጣው በ2013 ከስክራች 2.0 ጋር ነው። ከዚያ በፊት አሥር ጠላት የፈለገ ሰው አሥር ስፕራይት መሥራት፣ አንድ ነገር ሲቀይር ደግሞ አሥሩንም እየዞረ ማስተካከል ነበረበት። አሁን ስክሪፕቱ፣ ማለትም የተገጣጠሙት የትእዛዝ ብሎኮች፣ አንድ ነው፣ የሚያስኬዱት ግን ብዙ ናቸው። ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ብሎኮቹን ደጋግማችሁ ብታነቡም ስህተት አታገኙም፣ አንድ በአንድ ሲታዩ ልክ ናቸዋ! ለእኔ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ይሄን አሁን የሚያስኬደው ማን ነው? ዋናው ስፕራይት ወይስ ክሎኑ?» የሚለው ነው።

መልእክት ሲሰራጭ ዋናውም ክሎኖቹም እኩል ይሰሙታል። «መልእክቱ ሲደርስ የራስህን ክሎን ፍጠር» ካላችሁ 1 የነበረው 2፣ ከዚያ 4፣ 8፣ 16 እያለ ይሄዳል። በዘጠነኛው መልእክት 512 ሊሆን ነው፤ ግን አይደርስም፤ ስክራች በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ከ300 በላይ ክሎን አይፈጥርም። ሲሞላም ማስጠንቀቂያ የለም፣ ዝም ነው። ልብ በሉ፣ 300ው የስፕራይቶቹ ሁሉ የጋራ ነው። ጠላቶቹ ቦታውን ከያዙት፣ ተጫዋቹ ሲተኩስ ጥይት አይወጣም። እናንተ የጥይቱን ስክሪፕት ስትፈትሹ ትውላላችሁ፣ እሱ ግን ምንም አልሆነም። እንዲህ ያለ ቡግ (የፕሮግራም ስህተት) ጀማሪን ተስፋ ሲያስቆርጥ ሳይ በጣም አዝናለሁ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክሎን ቁጥር ስጡት። «ለዚህ ስፕራይት ብቻ» የሚለውን መርጣችሁ ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም) ፍጠሩ፤ ክሎን ሲወለድ የዚያን ቅጽበት ዋጋ የራሱ አድርጎ ይዞ ይወጣል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ዋናው ቁጥሩን ይጨምር፣ ከዚያ ክሎኑን ይፍጠር፣ ሲጨርስ ራሱን ወደ 0 ይመልስ። ዜሮ ማለት ዋናው ነው። ክሎኑ ተወልዶ ከጋራ ቫሪያብል ቁጥሩን ያንብብ ካላችሁ ግን ችግር አለ፤ በተለይ ማያ ገጹን ሳያድስ በሚሮጥ የራሳችሁ ብሎክ ውስጥ ክሎኖቹን የሚፈጥረው ዙር መጀመሪያ ያልቃል፣ ክሎኖቹ ሁሉ የመጨረሻውን ቁጥር ያነባሉ።

ከዚያ እያንዳንዱ ቁጥሩን «በል» በሚለው ብሎክ ይናገር። ማያው ይዝረከረካል፣ ግን የትኛው እንዳበደ ወዲያው ይታያል።

በሕይወት ያሉትን ለመቁጠር የጋራ ቫሪያብል ያዙ፤ ሲወለድ ጨምሩ፣ ሲጠፋ ቀንሱ። መቀነሱ ግን «ይህን ክሎን አጥፋ» ከሚለው በላይ ይሁን፤ ከዚያ ብሎክ በታች ምንም ነገር አይገጠምም። ባንዲራው ሲነካ ቆጣሪውን 0 ማድረግም አትርሱ፤ ክሎኖቹ ይጠፋሉ፣ ቫሪያብሉ ግን በነበረበት ይቆያል።

ቀዩን ማቆሚያ ስትነኩም ክሎኖቹ ይጠፋሉ፣ ማስረጃችሁም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክሎን ሲወለድና ሲጠፋ ቁጥሩን አንድ የጋራ ዝርዝር ውስጥ እንዲያስገባ አድርጉ። ጨዋታው ከቆመ በኋላም ዝርዝሩ አይጠፋም፤ ተረጋግታችሁ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ትችላላችሁ።