ቴሌስኮፕ የለንም አትበሉኝ

እንዴት ዋላችሁ! የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ የክለባችን ልጆች፣ በዚህ የሐዋሳ ሙቀት መጥታችሁ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። ፕሮግራሙ ላይ «የአስትሮኖሚ ክለብ ዓመታዊ ሪፖርት» ተብሎ ነው የተጻፈልኝ፣ ሪፖርቱ ተባዝቶ እጃችሁ ላይ አለ፣ ቤት ስትገቡ አንብቡት። እኔ ሌላ ነገር ይዤ ነው የመጣሁት።

ያቺን ቴሌስኮፕ ታስታውሷታላችሁ አይደል? በእርዳታ የመጣችዋን። ቀኑን ሙሉ ፎቶ ተነሳንባት፣ ኬክ ተቆረሰላት፣ ከዚያ በሞዴል 19 ገቢ ተደርጋ ንብረት ክፍል ገባች፣ በቃ። ጨረቃ እንይባት ስንል «እንዳትሰበር»፣ ታቦር ተራራ ይዘናት እንውጣ ስንል «ደብዳቤ አምጡ»፣ ደብዳቤ ስናመጣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ፈራሚው ሲገኙ ቁልፍ የያዙት ሰውዬ የዓመት ፈቃድ ወጥተዋል፣ እሳቸው ሲመለሱ ደግሞ ክረምት ገብቶ ሰማዩ ደመና። ልጆቹ እስከዛሬ የሚያውቁት ካርቶኗን ነው! ትስቃላችሁ፣ እኔን ግን አያስቀኝም።

እሺ፣ እሷ ትቅር። ከልጆቹ አንዷ በእናቷ ስልክ አላዲን ላይት የሚባለውን የሰማይ ካርታ ከፍታ አሳየችኝ። ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ያለው የአስትሮኖሚ ዳታ ማዕከል የሠራው ነው፣ በብሮውዘር ይከፈታል፣ ነጻ ነው፣ አካውንት እንኳ አይጠይቅም። ኤም 42 ብላ ስትፈልግ የኦሪዮን ኔቡላ፣ ያ የጋዝና የአቧራ ደመና፣ መጣላት። በተራ ብርሃን የተነሳውን ምስል ስታዩ አቧራው ብዙ ነገር ይሸፍናል፣ ቱማስ የሚባለውን፣ ዓይናችን በማያየው በኢንፍራሬድ ብርሃን ሰማዩን ያነሳውን ሰርቬይ ስትመርጡ ግን አቧራው ይሳሳና ውስጡ ተደብቀው የነበሩ ወጣት ኮከቦች ብቅ ብቅ ይላሉ። ልጅቷ ሁለቱን እየቀያየረች «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ እዚሁ ነበር?» አለችኝ። ደብዳቤ አልጻፈችም፣ ማንንም አላስፈረመችም!

«ኢንተርኔት ይበላል» የምትሉ አላችሁ። ሰማዩ በትንንሽ ካሬ ምስሎች ተቆራርጦ ነው የተቀመጠው፣ የሚያወርደው የምታዩትን ቁራጭ ብቻ ነው፣ ዙም ስታደርጉ ደግሞ የዚያኑ ቦታ ጥራት ያለውን ያመጣል። ለነገሩ ቲክቶክ ላይ ሆኖ ስለ ፓኬጅ የተጨነቀ ሰው አላየሁም።

«ይሄ ጨዋታ እንጂ ሳይንስ አይደለም» ያሉኝም ነበሩ፣ ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ሃኒ ቫን አርኬል የኔዘርላንድ አስተማሪ ናት፣ እንደኛው ቾክ የያዘች። እ.ኤ.አ. በ2007 ጋላክሲ ዙ ላይ፣ ማንም ፈቃደኛ ሰው የጋላክሲ ምስሎችን በቅርጻቸው በሚለይበት ድረ ገጽ፣ ስሎን የሚባለው ሰርቬይ ያነሳቸውን የጋላክሲ ምስሎች ስትለይ ማንም ያላስተዋለው እንግዳ የጋዝ ደመና አገኘች፣ ዛሬ በስሟ ነው የሚጠራው፣ በኋላ ሀብል የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሳይቀር ዞሮ አይቶታል። በራሷ ቴሌስኮፕ አይደለም ያገኘችው፣ ኮምፒውተር ነበራት፣ የተከፈተ ኮምፒውተር!

እና የኛ ኮምፒውተር ላብ ለምንድነው ከትምህርት ሰዓት ውጪ የሚቆለፈው? ቫይረስ ይገባል፣ ማውዝ ይጠፋል፣ ይባላል። ማውዝ ይጥፋ! የጠፋ ማውዝ ይገዛል፣ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ የወጣ ልጅ ግን ተመልሶ አይመጣልንም። ክቡር ዳይሬክተር፣ ስለማከብርዎት ነው በሰው ፊት የምናገረው፣ ለብቻችን ስንት ጊዜ አውርተናል። አዲስ ዕቃ አልጠየቅንዎትም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቁልፉን ይስጡን።

ደግሞ የተቀመጥንበት ቦታ! ሐዋሳ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ብቻ ነው ወደ ሰሜን የራቀችው፣ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ከሞላ ጎደል እናያለን። ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለውን ግዙፍ የኮከቦች ክምችት ስትራስቡርግ ያሉት ሰዎች ከከተማቸው አያዩትም፣ አይወጣላቸውም፣ እኛ በግንቦት ማታ ከመብራት ራቅ ካልን በባዶ ዓይን በደቡብ በኩል እናየዋለን። ልጆቹ ስክሪኑ ላይ ቦታውን አጥንተው ውጪ ወጥተው ቢፈልጉትስ?

የእንጦጦ ጉብኝትና የበጀቱ ጉዳይ ሪፖርቱ ውስጥ አለ፣ አላሰለቻችሁም። በሉ ልጆች፣ ላፕቶፑን ፕሮጀክተሩ ላይ ሰኩት፣ መብራት ሳይሄድብን ኦሪዮንን እናሳያቸው፣ ክቡር ዳይሬክተር እርስዎም ወደ ፊት ቀረብ ይበሉ።