መጀመሪያ ዘይቱ የት እንደሄደ ይታወቅ

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ገና ሙያውን በመማር ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ መኪናችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ አሽከርካሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ብዙ ኪሎ ሜትር ለሄደ ሞተር ዘይት እንዴት ይመረጣል» የሚል ነው። ስለ ሲንተቲክ (በፋብሪካ ስለተቀመመ) ዘይት፣ ስለ ደረጃዎች፣ ስለ መቀየሪያ ጊዜ እንድናገር ተጠይቄያለሁ። እነሱንም ነካ ነካ አደርጋለሁ። የመጣሁት ግን ለአንድ ነገር ነው፤ ላረጀ ሞተር ሁሉ ሳይመረምሩ ወፍራም ዘይት ስለማዘዝ። አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ስብሰባ በዚሁ ጉዳይ ተጯጩኸን ምሳው ቀዝቅዟል።

መኪና ወደ ጋራዥ ይመጣል። ኪሎ ሜትሩ 200,000 አልፏል። መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «አሮጌ ነው፤ ወፈር ያለ ዘይት አድርግበት» ይላል። ዘይት ይበላል? ወፈር ያለ። ያፈሳል? ወፈር ያለ። ድምፅ አለው? አሁንም ወፈር ያለ። ለራስ ምታቱም፣ ለቁርጥማቱም፣ ለሆድ ቁርጠቱም አንድ ክኒን የሚያዝ ሐኪም ዘንድ ማን ደግሞ ይሄዳል?

እስቲ ቁጥሮቹን እንያቸው። 5ደብሊው-30 ሲባል የፊተኛው ቁጥር የብርዱን ጠባይ ይናገራል። የኋለኛው ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚኖረውን ውፍረት ነው። 30 የሚባለው በዚያ ሙቀት ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) ነው። 50 የሚባለው ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ሞተር ሲነሳ ደግሞ ዘይቱ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ሲሞቅ ከሚኖረው ውፍረት ብዙ እጥፍ ይወፍራል። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ላይ እስኪደርስ ድረስ ብረት ከብረት ይፋጫል። እኛ ደግሞ ወፍራም ዘይት እያደረግን ይህንኑ ጊዜ እናረዝመዋለን።

«የግፊት መለኪያው ግን ከፍ አለ እኮ!» የሚል አይጠፋም። ይላል እንጂ። ወፍራም ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋ ግፊቱ ይጨምራል። ያ ማለት ግን ክራንኩ የሚዞርበት ማቀፊያ፣ ብሮንዚኑ ጋ የሚደርሰው ዘይት በዛ ማለት አይደለም። እንዲያውም ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ የፓምፑ ቫልቭ ይከፈትና ትርፉ ሞተሩን ሳያዳርስ ተመልሶ ይዞራል።

አንዲት መኪና ላንሳላችሁ። ማኑዋሏ 5ደብሊው-30 ይላል። ታፈሳለች ተብሎ አንድ ጋራዥ 10ደብሊው-40 አደረገባት። አላቆመችም። 20ደብሊው-50 ተደረገባት። አሁንም አላቆመችም፤ በዚያ ላይ ጠዋት ስትነሳ ቫልቮቿ አካባቢ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረች። ከዚያ የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። የመጣው የብልሽት ኮድ የቫልቭ ጊዜ ማስተካከያው ነው። ይህ ክፍል የሚሠራው በቀጫጭን መንገዶች በሚመጣ ዘይት መሆኑን እዚህ ላለ ሰው አልነግርም። ቀጥሎ «ማፍሰስ ያቆማል» የተባለ ጠርሙስ ተጨመረ። የመጨረሻው ፍርድ «ሞተር ይውረድ» ሆነ።

እኛ ጋ ስትመጣ መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ማጠብ ነው። ከሥር በቅባትና በአፈር ተለብጣ የት እንደምታፈስ አይታይም ነበር። ታጥባ፣ ተነድታ ስትመለስ ከቫልቭ ክዳኑ ማሸጊያ፣ ከጓርኒሲዮኑም፣ በክራንኩ የኋላ ጫፍ ዘይት ከሚይዘው ጎማ፣ ከፓራኦሊውም ታልባለች። አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ያ ቦታ ተበላሽቷል ይባላል። ከየአቅጣጫው ሲሆን ግን ከውስጥ የሚገፋ ነገር መኖሩን ጠርጥሩ። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን አላልቼ ሳነሳው እፍ ብሎ መዳፌን በዘይት አረጠበው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ብሎ ይዘጋል። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት፣ ለካን። አራቱም ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ናቸው፤ ማኑዋሉ ከሚለው ዝቅተኛ መጠንም በላይ። እንግዲያው የሚገፋው ጋዝ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። ማስተንፈሻ ቫልቩን፣ ፒሲቪ የምንለውን፣ ፈታነው። ጤነኛው ሲነቀነቅ ውስጡ ኳ ኳ ይላል። ይሄኛው ዝም። ቱቦው ውስጥ የተጋገረው ዝቃጭ በካቻቢቴ ነው የወጣው። ከሞተሩ ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ተዘግቶ ነው እንግዲህ ሞተር ይውረድ የተባለው!

ቫልቩ ተቀየረ። ቱቦው ታጠበ። የደረቀው የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን ተቀየረ። ወፍራሙ ዘይት ከነፊልትሮው ወጥቶ ማኑዋሉ የሚለው 5ደብሊው-30 ተሞላ። የጠዋቱ ቀጭ ቀጭታ ጠፋ። ኮዱ ተሰርዞ አልተመለሰም። አዲስ ሆነች አልላችሁም፤ የኋላው ፓራኦሊ አሁንም ትንሽ ያልባል። መሬት ላይ ግን አታንጠባጥብም።

ወፍራም ዘይት እርም ነው እያልኩ አይደለም። የብዙ አሮጌ መኪኖች ማኑዋል እንደ አየሩ ሙቀት ከ5ደብሊው-30 እስከ 20ደብሊው-50 የሚዘረዝር ሰንጠረዥ አለው። ሞተሩ ተለክቶ፣ ከሙቀት በኋላ ግፊቱ በእርግጥ መውረዱ በጌጅ ታይቶ፣ ማኑዋሉም ከፈቀደ ከ30 ወደ 40 አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ተገቢ ነው። እኔም አደርገዋለሁ። ቁም ነገሩ «ተለክቶ» የሚለው ላይ ነው። ጭሱም ቢሆን ይናገራል። መኪናው ቆሞ አድሮ ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ብቅ ብሎ ከጠፋ ወደ ቫልቭ ጎማዎቹ ተመልከቱ። ነዳጅ ሲሰጠው እየባሰ ከሄደ ፋሻውን ጠርጥሩ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፤ የሚቆጣ ካለም ይቆጣ። መኪና ሊሸጥ ነው። ሞተሩ ያንኳኳል። ባለቤቱ መካኒኩን በጆሮው ያናግረዋል። ወፍራም ዘይት ይሞላል፣ ማወፈሪያ ጠርሙስ ይደፋበታል፣ ድምፁ ለጥቂት ቀን ይታፈናል። ገዢው፣ ምናልባት ያለውን ሁሉ አሟጦ የገዛ ሰው፣ ከወር በኋላ ብሮንዚን የበላ ሞተር ይዞ እዚያው ጋራዥ ይመጣል። ያው መካኒክ ራሱን እየነቀነቀ «ምን ጉድ ነው የሸጡልህ?» ይለዋል! ጓዶች፣ ይሄ ጥገና አይደለም። ማጭበርበር ነው። የእኛን ቱታ ለብሶ የሚፈጸም ማጭበርበር ነው። ሰው ደላላውን ቢጠረጥር ወግ ነው። መካኒኩን መጠርጠር ከጀመረ ግን ጥፋቱ የማን ነው?

ሰዓቴ እያለቀ ስለሆነ የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ብዙ ኪሎ ሜትር ለሄዱ ሞተሮች የሚዘጋጀው ዘይት የማስታወቂያ ወሬ ብቻ አይደለም። አምራቾቹ ብዙውን ጊዜ 120,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላለፈ ሞተር ይመክሩታል። የደረቀ ጎማ የሚያለሰልስና በመጠኑ የሚያሳብጥ ቅመም አለው። ለሚያልብ ሞተር ጥሩ ነው። የተቀደደ ፓራኦሊ ግን አይጠግንም።

ሲንተቲክ አሮጌ ሞተር ያስፈስሳል የሚለው ወሬ ከድሮዎቹ ሲንተቲኮች የቀረ ነው። የዛሬዎቹ ለጎማ እንዲስማሙ ተደርገው ነው የሚሠሩት። ዝቃጭ የደፈነው ቀዳዳ ሲጸዳ የተደበቀ ማፍሰስ ሊወጣ ይችላል፤ ቀዳዳውን የፈጠረው ግን ዘይቱ አይደለም።

የኤፒአይን (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋምን) የዘይት ደረጃ ምልክት አንብቡ። ለቤንዚን ሞተር «ኤስፒ» እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የመጣው ደረጃ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበሩትን ይተካል። «ኤስኤፍ» የሚል ካያችሁ እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ ለተሠራ ሞተር አይሆንም፣ ዋጋው ቢያጓጓም። ጠፍጣፋ ታፔት (የቫልቭ መግፊያ) ያላቸው በጣም የድሮ ሞተሮች ያላችሁ ደግሞ ብረቱን ከመበላት የሚከላከለውን የዚንክ ቅመም መጠን ጠይቁ፤ በአዳዲሶቹ ቀጫጭን ዘይቶች ውስጥ ከካታሊስቱ (የጭስ ማጣሪያው) ደኅንነት የተነሳ ቀንሷል።

ዘይት ጠቆረ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ቆሻሻውን ይዞ መዞር ሥራው ነው። ወተት ከመሰለ ግን ሞተሩን አጥፉና ውሃ ከየት እንደገባ ፈልጉ።

አሽከርካሪዎች፣ ቀዩን የዘይት መብራት አትጠብቁ። እሱ የሚበራው ግፊቱ ክፉኛ ከወረደ በኋላ ነው። ሞተሩ አርፎ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ዘንጉን አውጥቶ ማየት የደቂቃ ሥራ ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር በየጊዜው እየተጨመረለት ብዙ ዓመት ይሄዳል። የሚገድለው ሳይታይ ጎድሎ መነዳቱ ነው።

አንድ ሐሳብ አቀርብና እወርዳለሁ። ዘይት በቀየርን ቁጥር ከኮፈኑ ሥር ካርድ እናንጠልጥል። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የዘይቱ ቁጥር፣ የኤፒአይ ደረጃው፣ በመካከል የተጨመረው መጠን ይጻፍበት። ከማኑዋሉ የተለየ ዘይት ያደረገ መካኒክ ምክንያቱን ጽፎ ይፈርምበት። መኪናው ሲሸጥ ካርዱ አብሮት ይሂድ። ዛሬ ከመበተናችን በፊት ድምፅ እንዲሰጥበት ሰብሳቢውን እጠይቃለሁ። ናሙናው መግቢያው ጋ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ የጎደለ ካያችሁ በእስክሪብቶ ጨምሩበት።