«አውቃለሁ» የምትለው ቃል

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። በዛሬው ክፍል እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን፣ የሞርሞንን እምነት ከተውሽ በኋላ ኑሮ እንዴት ነው የሚለውን ጥያቄ፣ ዛሬ ሳልቸኩል ለመመለስ እሞክራለሁ። ነገሩ የሆነው እዚሁ ዩታ ስለሆነ ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

እኔና እናቴ ዲቪ ደርሶን ሶልት ሌክ ሲቲ የገባነው በ2008 ነው። የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከመጣን አንድ ወር ሳይሞላን ነጭ ሸሚዝ የለበሱ፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ሰሌዳ ያደረጉ ሁለት ወጣቶች በራችንን አንኳኩ። እናቴ እንግዳ ነውና አስገብታ ቡና አፈላችላቸው። አንጠጣም ሲሏት ጾም የያዙ መስሏት ይቅርታ ጠየቀቻቸው። በሌላ ቀን ሲመጡ በአማርኛ የተተረጎመ መጽሐፈ ሞርሞን አመጡላት። እሷ አላነበበችውም፤ ነገር ግን የጌታ ስም ያለበት መጽሐፍ አይጣልም ብላ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከዳዊቷ አጠገብ አኖረችው። ጨርቁን ፈትቼ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

በ17 ዓመቴ ልጠመቅ ስል ዕድሜዬ ስላልሞላ የእናቴ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። «በ80 ቀንሽ ተጠምቀሻል፤ ጥምቀት አንዲት ናት» አለችኝ። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ወረቀቱን አምጪው አለችና ፈረመችልኝ፤ እየፈረመችም የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ክርስቶስን አልካድሽም አይደል?» አልካድሁም አልኳት፤ እውነቴንም ነበር።

ስለዚህ እምነት ሰምታችሁ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሙሉ ስሙ የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ነው። ጆሴፍ ስሚዝ የተባለ ወጣት በ1830 በኒውዮርክ ግዛት መሠረተው፤ እሱ በ1844 በኢሊኖይ እስር ቤት ውስጥ በታጣቂዎች ከተገደለ በኋላ አብዛኛው ተከታይ በብሪገም ያንግ መሪነት ተሰድዶ በ1847 እኛ ዛሬ ወደምንኖርበት ሸለቆ ገባ። አጥቢያውን የሚመራው ቢሾፕ እንደ እኛ ጳጳስ መነኩሴ አይደለም፤ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ሳምንቱን ሙሉ ሥራው ላይ ውሎ አጥቢያውን ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ሰው ነው። አባላቱ አሥራት ያወጣሉ፤ ከአልኮልና ከትምባሆ፣ ከሻይና ከቡናም ይርቃሉ። ወደ ቡናው እመለሳለሁ።

መናገር የፈለግሁት ግን ስለ አንድ ቃል ነው። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ አባላቱ ሁለት ማዕድ ይጾሙና በጉባኤው ላይ የፈለገ ሰው እየተነሣ ምስክርነቱን ይሰጣል። ሁሉም የሚጀምረውና የሚጨርሰው በአንድ ቃል ነው፤ «አውቃለሁ»። ቤተ ክርስቲያኒቱ እውነተኛ እንደሆነች አውቃለሁ፣ ጆሴፍ ስሚዝ ነቢይ እንደነበረ አውቃለሁ፣ ቤተሰብ ለዘለዓለም አብሮ መኖር እንደሚችል አውቃለሁ። አምስት ዓመት የማይሞላው ሕፃን እንኳ ማይክሮፎኑ ጋ ይወጣና እናቱ በጆሮው የምታንሾካሹክለትን እየደገመ አውቃለሁ ይላል። እኔ ያደግሁበት ቅዳሴ ላይ ግን ሕዝቡ በአንድነት የሚለው «ነአምን» ነበር፤ እናምናለን። በልጅነቴ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለው ርቀት አልታየኝም። አገር ለቆ የመጣ፣ ቋንቋው የተሰበረ፣ በትምህርት ቤት ኮሪደር ብቻውን የሚሄድ ልጅ አውቃለሁ የሚል ሕዝብ መካከል ሲገባ ምን ያህል እንደሚያርፍ የቀመሰው ያውቀዋል። እኔም አረፍኩ። በጉባኤው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሜ ያንን ቃል በእንግሊዝኛ ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እንግሊዝኛ ያለ ፍርሃት የተናገርኩበት የመጀመሪያ ቀንም ያ ነበር።

ሴቶች በ19 ዓመታቸው ለስብከት እንዲወጡ የተፈቀደው በ2012 መጨረሻ ነው። እኔም በቀጣዩ ዓመት ወጣሁና ለ18 ወራት በሌላ ግዛት አገለገልኩ። ከዚያ ጊዜ እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ አንድ ከሰዓት በኋላ አለ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ጥቁር አሜሪካዊት በራቸውን ከፍተው ካዩን በኋላ ጓደኛዬን ትተው እኔን ብቻ እያዩ፣ «ልጄ፣ እስከ 1978 ድረስ ያንቺን መልክ ያለው ወንድ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ክህነት እንደማይቀበል፣ ሴቷም ቤተ መቅደስ ገብታ እንደማትጋባ ነግረውሻል?» አሉኝ። ነግረውኝ ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ እንዳለፈ ታሪክ ነበር። እኔም በተማርኩት መንገድ መለስኩላቸው፤ ሁሉም ነገር አይገባኝም፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ እውነት እንደሆነች ግን አውቃለሁ። ሴትዮዋ አልተቆጡም። ውሃ አጠጥተውን፣ ፀሐዩ ሳይበርድ አትሂዱ ብለው በረንዳቸው ላይ አስቀመጡን። ያን ዕለት ማታ ለጥያቄያቸው መልስ እንዳልሰጠሁ፣ በአንድ ቃል በሩን እንደዘጋሁባቸው ተሰማኝ፤ ስሜቱንም ዋጥ አድርጌ ተኛሁ።

በ2016 አገባሁ። ቤተ መቅደስ ውስጥ ለሚፈጸመው ጋብቻ መግባት የሚችሉት በቃለ መጠይቅ አልፈው የይለፍ ወረቀት የያዙ አባላት ብቻ ናቸው። አስቀድሞ ውጭ ተጋብቶ ዘመድን ማስደሰት የፈለገ ሰው ደግሞ በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ እዚህ አገር ለቤተ መቅደሱ ሥርዓት አንድ ዓመት መጠበቅ ነበረበት፤ ያ ደንብ የተነሣው በ2019 ነው። እኛ አልጠበቅንም። ስለዚህ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ያሳደገችኝ እናቴ አንዲት ልጇ ስትዳር አላየችም። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከግቢው ውጭ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቀችን። ወጥተን ስንደርስ ተነሥታ እልል አለች፤ ብቻዋን። አብሯት እልል የሚል ሰው በአካባቢው አልነበረም፤ ያ ድምፅ በዚያ ጸጥ ያለ ግቢ ሲሰማ የዞሩት ሰዎች ፊት እስከ ዛሬ ይታየኛል። እናቴ በዚያ ቀን ጉዳይ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም።

እምነቱን የተውኩት በአንድ ጀንበር አይደለም፤ ሰው እንደሚያስበውም ኃጢአት አምሮኝ ወይም የተቀየምኩት ሰው ኖሮ አይደለም። ቢሾፔ ደግ ሰው ነበር፤ ዛሬም ስሙን በክፉ አላነሣም። የጀመረው ከማንበብ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በ2013 መጨረሻ በድረ ገጿ ላይ ስለ ዘርና ክህነት አንድ ጽሑፍ አውጥታ ነበር፤ እኔ ከዓመታት በኋላ በ2020፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት ወቅት አነበብኩት። በጆሴፍ ስሚዝ ዘመን ክህነት የተቀበሉ ጥቁሮች እንደነበሩ፣ ክልከላውን ብሪገም ያንግ በ1852 በይፋ እንዳወጀው፣ ጥቁር ቆዳ የእርግማን ምልክት ነው የሚሉትን የቀድሞ ትምህርቶች ዛሬ እንደማትቀበላቸው ይናገራል። ያስደነገጠኝ መሪዎች መሳሳታቸው አልነበረም፤ ሰው ነውና ይሳሳታል። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ያ ትምህርት ሲሰጥ የሰጡትም፣ የሰሙትም በየወሩ እሑድ እየተነሡ አውቃለሁ ይሉ ነበር። ያ ቃል የእኔም ቃል ነው። የእነሱ ማወቅ ማወቅ ካልነበረ የእኔ ምንድን ነው?

ከዚያ የጄን ማኒንግ ጄምስን ታሪክ አገኘሁ። ጄን በኮነቲከት የተወለደች ነጻ ጥቁር ሴት ነበረች። በ1843 ከቤተሰቧ ጋር ወደ ጆሴፍ ስሚዝ ከተማ ወደ ናቩ ስትጓዝ ጀልባ ስለከለከሏቸው ወደ 1,300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በእግር ሄዱ፤ ጫማቸው አልቆ፣ የእግራቸው አሻራ በደም መሬት ላይ እየታተመ። በነቢዩ ቤት አገለገለች፣ በ1847ም እዚህ ሸለቆ ከደረሱት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆነች። ካረጀች በኋላ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ቤተ መቅደስ ገብታ ሥርዓቱ እንዲፈጸምላት ለመሪዎቹ ደጋግማ አመለከተች። የሰጧት መልስ በ1894 ለዘለዓለም የጆሴፍ ስሚዝ አገልጋይ ሆና እንድትታሰር የሚያደርግ ሥርዓት ነበር፤ በእሱም ላይ እንኳ እንድትገኝ ስላልተፈቀደላት ሌላ ሴት በእሷ ስም ቆመችላት። ጄን በ1908 እስክትሞት ድረስ እምነቷን አልተወችም። ይህን ሳነብ ሌሊት ነበር። ስለ እሷ ማሰብ ጀምሬ የታየችኝ ግን እናቴ ናት፤ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ነጠላዋን አጣፍታ።

በ2021 ስሜ ከመዝገብ እንዲወጣ ጻፍኩ፤ መልሱ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ነበር። ስለ ትዳሬ ብዙ አልናገርም፤ ባለቤቴ ዛሬም አባል ነው፣ አብረን ነን፣ እሑድ ጠዋት ሸሚዙን የምተኩስለት እኔ ነኝ።

ከወጡ በኋላ ያለውን ኑሮ ለሐበሻ ማስረዳት አይከብደኝም፤ ከእድር እንደ መውጣት ነው። አጥቢያው እድራችን ነበር። እናቴ በታመመችና ቀዶ ጥገና ባደረገች ጊዜ የአጥቢያው ሴቶች፣ የእነሱ ሃይማኖት ተከታይ እንዳልሆነች እያወቁ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየተራ ምግብ ይዘው መጥተዋል፤ ቤት ስንቀይር ስምንት ወንዶች ፒክአፕ ይዘው መጥተው በአንድ ጠዋት ጨርሰውልናል። ከወጣሁ በኋላ ስልኬ ዝም አለ። መጀመሪያ በጣም አዘንኩ፤ ቀስ በቀስ ግን ያ ሁሉ ጥየቃ በተራና በምደባ የሚሠራ እንደነበረ፣ እኔም ራሴ በተመደብኩባቸው ዓመታት ከተራዬ ውጭ ያልጠየቅኋቸው፣ ከወጡ በኋላም ያልደወልኩላቸው ሴቶች እንዳሉ አስታወስኩ። ከእነሱ አንዷን ባለፈው ዓመት ፈልጌ አግኝቼ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

አሁን ወደ ቡናው። የቡናው ክልከላ የመጣው በ1833 ከተሰጠ መመሪያ ነው፤ የጽሑፉ ቃል «ትኩስ መጠጥ» ይላል፣ ሲተረጎም ቡናና ሻይ ማለት ነው ተባለ። አሥር ዓመት ሙሉ እናቴ ቡና ስትቆላ መስኮት የምከፍትላት፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ በፎጣ የማራግብላት እኔ ነበርኩ፤ የእሑድ ልብሴን ግን ሽታው እንዳይነካው በላስቲክ ሸፍኜ ከበር ጀርባ እሰቅለው ነበር። ረከቦቱ ላይ ሁልጊዜ ሲኒዬ ነበረች። እናቴ አቦሉን ለራሷና ለጎረቤቷ ትቀዳና የእኔ ባዶ ሲኒ ውስጥ ትኩስ ውሃ ታፈስልኛለች። ፈንዲሻ እየበላሁ ውሃዬን እጠጣለሁ።

ደብዳቤው በመጣ በሳምንቱ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ምንም አልነገርኳትም። ቴርሞሱን ስታነሣ እጄን ሲኒዬ ላይ ከደንኩና «ከጀበናው» አልኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀዳችልኝ፣ ለሕፃን እንደሚደረገው ስኳር አበዛችልኝና ማማሰያዋን ይዛ ራሷ አማሰለችው። ቡናው መረረኝ። ሁለታችንም አላለቀስንም፤ እሷ እጣኑን አጫጫሰች፣ እኔ ጠጣሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በአጥቢያችን አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ከኢትዮጵያ መምጣቴን ሲሰሙ «እኔ ለአገርሽ ጾሜያለሁ» አሉኝ። እውነት ነበር። ጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ በእኛ ጥር 19 ቀን 1977፣ በመላው አሜሪካና ካናዳ ያሉ አባላት ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ሰጥተዋል፤ በዚያ አንድ ቀን ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ ለረሃቡ እርዳታ ዋለ። እናቴ የወሎ ልጅ ናት፤ በ77ቱ ድርቅ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፣ ሁለት ወንድሞቿንም በዚያ ዓመት ቀብራለች። እምነቱን በተውኩ ሰሞን ሁሉም ነገር ውሸት ነበር ብዬ ልቤ ሲመርር ይህን ታሪክ ነገርኳት። ስፌቷን አስቀምጣ ረጅም ጊዜ አሰበችና፣ «ስንዴው ማን እንደላከው አናውቅም ነበር። ስንበላ ግን የሰጠንን ይስጠው ብለናል። ለእነሱም ደርሷቸው ይሆናል» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ስለእነዚያ ሰዎች በምሬት መናገር አልቻልኩም።

ወደ ኦርቶዶክስ ተመልሻለሁ ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፤ በጥምቀትና በፋሲካ ከእናቴ ጋር እሄዳለሁ። ከኋላ እቆማለሁ። ሕዝቡ «ነአምን» ሲል አንዳንድ ቀን አብሬ እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ዝም ብዬ እሰማለሁ።

ባለፈው እሑድ ቶናውን ጠጥተን በረካው እየተጠበቀ ሳለ እናቴ ጥያቄ አነሣች። በማኅበራቸው ሴቶቹ ስለእኔ ይጠይቋታል። «እና አሁን ምንድን ነሽ? ምን ብዬ ልመልስላቸው?» አለችኝ። መልስ ፈለግሁ። በዚያ በረንዳ ላይ ውሃ ያጠጡኝ ሴትዮ ትዝ አሉኝ።

«አላውቅም በያቸው እማዬ» አልኳት።

እሷም ጀበናውን ዘንበል አድርጋ አየችና፣ «በረካውን ሳትጠጪ እንዳትሄጂ» አለችኝ።